ሩብ ዙር ወደ ግራ

መጀመሪያ የሰማሁት ድምፁን ነው፤ ዓይኔን ገና አልገለጥኩም። ከግድግዳው ወዲያ፣ የአባቴ መሥሪያ ጠረጴዛ ካለበት ክፍል፣ ቀጭን የሞተር ፉጨት ተነሣ፤ ወጣ፣ ወረደ፣ ደግሞ ወጣ። የጉንዳን ድምፅ ነው። ጉንዳን መኪናዬ ናት፤ በሪሞት የምትነዳ፣ አራቱም ጎማዎቿ የሚጎትቱ፣ ከጫማ ካርቶን እምብዛም የማትበልጥ ቀይ መኪና። ሌላ ሰው ሞተር ብቻ ይሰማው ይሆናል፤ እኔ ግን እንደ ሰው ድምፅ ለይቼ አውቃታለሁ። ስትነሣ በመጀመሪያ አጭር «ጭርር» የምትል ነገር አለቻት፤ ሰው ከመናገሩ በፊት ጉሮሮውን እንደሚጠርግ ማለት ነው። ዛሬ ጉሮሮዋን ሳትጠርግ ከዝምታ በቀጥታ ወደ ጩኸት ዘለለች። አባቴ ሦስት ጊዜ አስነሣት፣ ሦስቱንም ጊዜ እንደዚያው። ጣራውን እያየሁ እንደተጋደምኩ አባቴ የፍሪሲዮኑን ዳዶ እንዳጠበቀው ገባኝ። ከአልጋዬ ያስነሣኝ ግን ማጥበቁ አይደለም፤ ካጠበቀው በኋላ ያቺ «ጭርር» መጥፋቷን አለመስማቱ ነው።

ሁለተኛው ድምፅ የታላቅ እህቴ የእትዬ ነበር። ኩሽና ውስጥ በሩን ገርበብ አድርጋ፣ በዝቅተኛ ድምፅ ስልክ ታወራለች። «ዛሬ እዚያ ሲያገኙት እንዳይነግሩት ብዬ ነው» አለች። ትንሽ አዳመጠች። «አይ፣ አልነገርኩትም። ጋራዡ ቀለም እየተቀባ ነው፣ እስኪደርቅ ይረፍ ተብሏል ነው ያልኩት። እርስዎ ራስዎ ሊነግሩት ሲገባ በእኔ ላኩት፤ እኔ ምን ላድርግ?» የመጨረሻዋን ስትናገር ድምፅዋ ከፍ አለ፤ ወዲያው ደግሞ ዝቅ ብላ ይቅርታ ጠየቀች። በዚህ ሁሉ መሀል ይቅርታ የጠየቀችው እሷ መሆኗ እስከ ማታ ሲከነክነኝ ዋለ።

ስገባ ስልኩን ደረቷ ላይ ለጥፋ ቆማለች። እትዬ በሰባት ዓመት ትበልጠኛለች፤ እናታችን ከሞተች ወዲህ ቤቱን የያዘችው እሷ ናት፤ ቀን ቀን መድኃኒት ቤት ገንዘብ ተቀባይ ናት። መስማቴን ከፊቴ አየችና ኩባያዎቹን እያለቀለቀች ሁሉንም ነገረችኝ። ስልክ ያወራችው አባቴ ከሚሠራበት ጋራዥ ባለቤት ጋር ነው። የዛሬ ሦስት ሳምንት ባለጋራዡ የሳል ሽሮፕ ሊገዛ ወደ እሷ መስኮት መጣ። መልስ እየጠበቀ እንደዋዛ፣ አባትሽ ጆሮው ሄዷል፣ ሰኞ ዕለት አንድ ሞተር ደህና ነው ብሎ ለቀቀውና ደንበኛዬ መንገድ ላይ ቀረ፣ ከእንግዲህ ይረፍ፣ አንቺ ብትነግሪው ይሻላል አላት። መልሱን እንኳ ሳይቀበል ነው የሄደው ወይ ብዬ ጠየቅኳት። «መልሱንማ ቆጥሮ ነው የተቀበለ» አለችኝ። ከዚያ እጇን በፎጣ እየጠረገች፣ «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይሉ የለ። ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ እሱ ብቻ ነው ቀለም እስኪደርቅ የሚጠብቅ» አለች።

አባቴ በዚያ ጋራዥ ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርቷል። የገባው ያሁኑ ባለጋራዥ አባት በሕይወት እያለ ነው፤ ልጁ ያኔ አሮጌ ጎማ ላይ እየዘለለ ይጫወት ነበር። ጋራዡ ውስጥ ስሙን የሚጠራ የለም፤ «ዶክተር» ነው የሚሉት። ምክንያቱ ረጅሙ ካቻቪቴው ነው። ጫፉን የተነሣ ሞተር ላይ ያሳርፋል፣ የእንጨት እጀታውን ከጆሮው ጀርባ ካለው አጥንት ጋር ያገናኛል፣ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ከዚያ የታመመውን ቦታ በጣቱ ያሳያል። ካቻቪቴው የራሱ ነው፣ በመጀመሪያ ደመወዙ የገዛው። ሰማያዊው ቱታ ግን የጋራዡ ነው፤ ጀርባው ላይ የጋራዡ ምልክት አለበት። አምና ባለጋራዡ በኮምፒዩተር የሚመረምር መሣሪያ አስገባና ካቻቪቴውን ደንበኛ ይስቅብናል ብሎ አስተወው። አባቴ አልተከራከረም። ካቻቪቴውን ኋላ ኪሱ ከተተና ከዚያን ቀን ጀምሮ እንደ ማንኛውም ሰው በባዶ ጆሮው ማዳመጥ ጀመረ። እንግዲህ ደህና ነው ብሎ የለቀቀው ያ ሞተር በዚህ ዓመት፣ ካቻቪቴው ከቀረ በኋላ የመጣ ነው። ይህንን እትዬ አላገናኘችውም፤ እኔም እዚያ ኩሽና ውስጥ ቆሜ ነው ያገናኘሁት።

ቁርስ ላይ ሦስታችንም በአንድ ጠረጴዛ ነበርን። ዳቦ፣ ሻይ፣ የማርማላታ ጠርሙስ፣ ውስጡ አንድ ማንኪያ። አባቴ እንደ ሦስቱ ሳምንታት ሁሉ ተላጭቶ፣ ቱታውን እስከ አንገቱ ቆልፎ ተቀምጧል። እትዬ ስኳር ስታቀርብለት ዓይኑን አታየውም፤ እሱም ስኳሩን ሲያማስል የእሷን አያይም፤ እኔ ሁለቱንም አያለሁ፤ ማንኪያው ብቻ ያወራል። ሻይውን ሁለት ጊዜ ፉት ካለ በኋላ ወደ እኔ ዞረ። «ፍሪሲዮንህ ይንሸራተት ነበር። አስተካክዬልሃለሁ» አለኝ፤ ደስ ብሎታል። በሦስት ሳምንት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ የተበላሸ ነገር አግኝቶ ማስተካከሉ ነው። አመሰግናለሁ አባዬ አልኩት። እትዬ ከጠረጴዛው ሥር እግሬን ነካች፤ ምን ለማለት እንደፈለገች አላውቅም።

ችግሩን ለመረዳት ጉንዳንን ማወቅ ያስፈልጋል። ድሮ አባቶቻችን ልጆች ሳሉ የወጣ ሞዴል ነው፤ አሁን ያንኑ መልክ ይዞ እንደገና ተመርቷል። እኔ የገዛኋት ከተማ ከሚለቅ ሰው ነው፤ ግማሽ ብሎኗ የጠፋ፣ ካርቶኗ የተቀደደ። መልኳ ያምራል፤ ሆዷ ግን እንደ ድሮው ነው፤ አክስሎቿ የሚዞሩት በፕላስቲክ ቀለበት ውስጥ ነው፣ ሞላዎቿ ዘይት አያውቁም፣ ትንሽ ጉብታ ስታገኝ እንደ ኳስ ትነጥራለች። እኔ የምሠራው ፎቶ ኮፒ ማሽን ጥገና ነው። የተጣለ ማሽን ሆድ ውስጥ ስንት ጥሩ ኩሽኔታ፣ ማለት ትንንሽ የብረት እንክብሎች የሚሽከረከሩበት ቀለበት፣ እንዳለ ሰው አያውቅም። ስምንቱን ከዚያ ለቀምኩ፤ የቀሩትን ገዛሁ፤ ዋጋቸው የአንድ ጥንድ ጫማ ነው፤ ይህንን የማውቀው አራት ወር በቀዳዳ ጫማ ስለሄድኩ ነው። የፕላስቲኩን ቀለበት በኩሽኔታ ስቀይር፣ ጎማውን በጣት ገፋ ሲያደርጉት ዝም ብሎ የሚዞር ሆነ። መንጠሯን የሚያበርዱትን ሾኮች በዘይት ሞላሁ፤ የፊቶቹን በወፍራም፣ የኋላዎቹን በቀጭን። ከዚያ ሞተሩን በአዲስ ቀየርኩ። አዲሱ ሞተር ብርቱ ነው፤ የድሮዎቹ የፕላስቲክ ጥርሶች ግን የአዛውንት ጥርስ ናቸው። ስለዚህ በሞተሩና በጥርሶቹ መሀል ትንሽ ፍሪሲዮን ገባ፤ ዳዶው በልክ የላላ። ስትነሣና ከዝላይ ስታርፍ ፍሪሲዮኑ ለአፍታ ይንሸራተትና ድንጋጤውን ይውጠዋል። «ጭርር» የምትለው እሷ ናት። በጭነት መኪና ግን እንዲህ ያለ ነገር በሽታ ነው፤ አባቴ ዕድሜውን ሙሉ የሚንሸራተት ፍሪሲዮን ባየ ቁጥር ሲያጠብቅ ወይ ሲቀይር የኖረ ሰው ነው።

እንግዲህ በፊቱ ዳዶውን ባላላ፣ ባለጋራዡ በእትዬ የላከበትን ቃል እኔም በእጄ ነገርኩት ማለት ነው፤ አትሰማም። ሳላላላው ባለጋራዡም ለሚመጣበት ለዛሬው ውድድር ባሰልፋት የመጀመሪያው ዝላይ ላይ ጥርሶቿ ይረግፋሉ፤ ያኔ ጥፋቱ የማን እንደሆነ እሱ ራሱ ያየዋል፤ ያውም ባለጋራዡ ባለበት። ተደብቄ ማላላትም እችል ነበር። ጫማዬን ሳስር ይህንን አስቤ ተውኩት። ሦስት ሳምንት ሙሉ ቤታችን ውስጥ ተደብቆ የተሠራ ነገር በቃን። የማደርገውን አውቄ ነው ከአባቴ ጋር የወጣሁት፤ ፍርሃት አልነበረብኝም።

የቅዳሜው ውድድር ከሴራሚክ መጋዘን ጀርባ ባለ ባዶ ቦታ ነው። አሮጌ ጎማዎች ተደርድረው መንገዱን ይከፍላሉ፤ መሀሉ ላይ የአፈር ጉብታ አለ፤ ጉብታው ላይ ለመዝለያ ጣውላ ተጋድሟል። የሚመጡት ሰባት ስምንት ትልልቅ ሰዎች ናቸው፤ በሳምንቱ ሌላ ቀን መንገድ ላይ ቢገናኙ ሰላምታ የማይለዋወጡ ሁሉ እዚህ ተንበርክከው ከአንድ ጠርሙስ ዘይት ይዋዋሳሉ። ዳቦ ጋጋሪው ጉንዳንን ሲያይ እንደ ልማዱ፣ ሙዚየሙ ሳይዘጋ እንዴት ይዘሃት ወጣህ አለኝ። ዘበኛው ያንተን ዳቦ ነክሶ ጥርሱን ሊያሳክም ሄዶ ነው አልኩት። ሰዉ ሳቀ፤ ከሁሉም በላይ የሳቀው ራሱ ዳቦ ጋጋሪው ነው። ባለጋራዡ የሚታጠፍ ጠረጴዛ ዘርግቶ፣ የብረት ዕቃ ሳጥኑን ከፍቶ፣ ተሠርታ የተገዛች አዲስ መኪናውን እያጸዳ ነበር፤ ጎኗ ሁሉ አልሙኒየም ነው፣ ፀሐይ ሲያርፍባት ዓይን ይወጋል። አባቴን ሲያይ ብድግ አለ። «ዶክተር፣ እንዴት ነዎት» አለና እጁን በሁለት እጁ ያዘው፤ ስለ ጤናው ጠየቀው፣ ስለ አየሩ ነገረው፣ ስለ ቀለሙ አንድም አላነሣም። አባቴም አልጠየቀም። ቀለም የሚቀባ ሰው ጥፍሩ ሥር ቀለም ይኖረዋል፤ አባቴ የባለጋራዡን እጅ ሲለቅ ጣቶቹን ዝቅ ብሎ እንዳያቸው አየሁ።

ከመጋዘኑ ግድግዳ ሥር፣ ከሰዉ ትንሽ ራቅ ብለን ተቀመጥን። ጉንዳንን ገልብጬ ጭኔ ላይ አደረግኳት።

«አባዬ፣ ካቻቪቴውን ይዘሃል?»

የኋላ ኪሱን ነካ። «ምን ያደርግልሃል?»

«አንድ ቦታ አዳምጥልኝ።»

ለአፍታ ወደ ባለጋራዡ ጠረጴዛ አየ። ከዚያ ካቻቪቴውን አወጣ፤ አንድ ዓመት ሙሉ ኪስ ውስጥ ስለኖረ እጀታው ላይ የጨርቅ ብናኝ ተጣብቋል። ጫፉን እኔ ባሳየሁት ቦታ፣ የጥርሶቹ ቤት ላይ አሳረፈ፤ እጀታውን ከጆሮው ጀርባ አደረገና ዓይኑን ጨፈነ። ጎማዎቹን በአንድ እጄ አፍኜ ይዤ በሌላው ሪሞቱን ነካ አደረግኩት። ጉንዳን እጄ ውስጥ እንደተያዘች ወፍ ተንደፋደፈች። ደገምኩት።

«ጥርሱ እየተመታ ነው» አለ ዓይኑን ሳይገልጥ። «ኃይሉ ሲመጣበት መሸሻ የለውም።»

ዓይኑን ገለጠና ዳዶውን አየው፤ ረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ያልጠበቅኩትን አደረገ። ካቻቪቴውን አነሣና በባዶ ጆሮው አጎንብሶ ድገመው አለኝ። ደገምኩ። ካቻቪቴውን መለሰና ደግሞ ድገመው አለ። ሁለት ጊዜ እንዲህ አደረገ፤ አንዴ በካቻቪቴው፣ አንዴ ያለ ካቻቪቴው። ለዓመታት በኖረበት ቤት ውስጥ አንድ ክፍል ተቆልፎበት እንደኖረ ድንገት ያወቀ ሰው ይመስል ነበር። ዳቦ ጋጋሪው ከወዲያ ማዶ ባትሪ የሰረቀኝ ማነው እያለ ይጮኻል።

«ይህንን ያጠበቀው የጭነት መኪና ሰው ነው» አለ በመጨረሻ።

«ይመስላል» አልኩት።

«በጭነት መኪና ፍሪሲዮን ከተንሸራተተ ሞቷል።»

«እዚህ ደግሞ ካልተንሸራተተ ነው የሚሞተው።»

ራሱን ነቀነቀ። ትንሿን መፍቻ ከእጄ ወሰደና ዳዶውን ሩብ ዙር ወደ ግራ አዞረው፤ ሩብ ዙር፣ ከዚያ አልጨመረም፣ አልቀነሰም፤ እኔ በስድስት ሳምንት ሙከራ ያገኘሁት ልክ ነበር። እንደገና አዳመጠ። ሪሞቱን ስነካው «ጭርር» አለች። በእኔ ጆሮም፣ በእሱ አጥንትም ተሰማች።

«ጠዋት የሰረቅኩህ ይቺን ነው?»

«ይቺን ነው፣ አባዬ።»

ካቻቪቴውን ወደ ኪሱ አልመለሰውም። ጭኑ ላይ አስቀምጦ እጁን ከላዩ አሳረፈበት።

ውድድሩ ስምንት ዙር ነው። አንደኛ ወጣሁ ብል ደስ ባለኝ፤ አንደኛ የወጣው ዳቦ ጋጋሪው ነው፤ እስከ ዛሬም ሲያወራው ይኖራል። እኔ ግን የነዳሁትን አውቃለሁ። ጉንዳን ጣውላውን ስምንት ጊዜ ዘለለች፤ ስምንቱንም ጊዜ በአራት እግሯ አረፈች፤ ስታርፍ ያቺ ትንሽ ድምፅ ነበረች። የድሮ መኪና በአፈር ላይ ስትሄድ እንዴት እንደምታምር ያላየ ሰው አልሙኒየም ቢወድ አልፈርድበትም። መታጠፊያ ላይ ኋላዋ ትንሽ ይወጣል፣ የፊት ጎማዎቿ ይጎትቷታል፣ ራሷን ትሰበስባለች፤ ጣቴ ሪሞቱ ላይ ሳይሆን መሬቱ ላይ ያለ እስኪመስለኝ። ባለጋራዡ እስከ ስድስተኛው ዙር መሪ ነበር። በስድስተኛው ላይ መኪናው ሰው ጥርሱን የሚያስነክስ የብረት ፉጨት አወጣች፤ ፍጥነቷ ወረደ፣ ጎተተች፣ መንገዱ መሀል ቆመች። በጎኗ አልፌያት ሁለተኛ ሆንኩ።

ከውድድሩ በኋላ ሰዉ ሁሉ የባለጋራዡን ጠረጴዛ ከበበ። ኩሽኔታ እንደሆነ ማንም አልሳተውም፤ ግን የመኪናዋ ኩሽኔታ ከሃያ ይበልጣል። አንዱ የፊቱን ፍታ ይላል፣ ሌላው የሞተሩ ነው ይላል። ባለጋራዡ ሁሉንም ሊፈታ መፍቻ መደርደር ጀመረ። አባቴ ሰዎቹን በትከሻው ሳይገፋ እንዴት እንዳለፈ አላውቅም፤ ብቻ ጠረጴዛው ጋ ደርሶ ካቻቪቴውን አሳርፏል። አስነሣው አለ። ባለጋራዡ አስነሣ። የፊት ግራ፣ የፊት ቀኝ፣ መሀል፤ ጫፉን እያዘዋወረ፣ ዓይኑን ጨፍኖ። ዳቦ ጋጋሪው እንኳ ጠረጴዛው ላይ አጎነበሰ። «የኋላ ቀኝ» አለ አባቴ፤ «የውስጠኛው። አሸዋ ገብቶበታል።» ባለጋራዡ ያንን ጎማ ብቻ ፈታ። የውስጠኛው ኩሽኔታ ሲወጣ መዳፉ ላይ ደቃቅ አሸዋና አንዲት የተፈረከሰች የብረት እንክብል ዱብ አለች።

ሰዉ አጨበጨበ። ባለጋራዡ ፊቱ ቀላ፤ ክፉ ሰው አይደለም፤ ያደረገውን በዚያው ቅጽበት ማስተካከል የፈለገ ይመስለኛል። እጁን አባቴ ትከሻ ላይ አደረገና ሁሉም እንዲሰማው ጮክ ብሎ ተናገረ። «ዶክተር፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ጆሮዎ ሄዷል፣ ከእንግዲህ ይረፉ ብዬ ለልጅዎ የነገርኳትን ይርሱት። ሰኞ ይግቡ። ካቻቪቴውንም ይዘው ይምጡ፤ ደንበኛ ይወደዋል።»

ኪሴ ውስጥ ስልኬ ተንቀጠቀጠ፤ እትዬ መሆኗን ሳላየው አወቅኩ። አላነሣሁትም። አባቴ ባለጋራዡን አላየውም። ያየው እኔን ነው፤ ታውቅ ነበር ወይ የሚል አስተያየት ነበር፤ ዓይኔን አላሸሸሁም። እሱም አልቆየበትም። ካቻቪቴውን በጨርቅ ከጫፍ እስከ እጀታ ጠረገው፤ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ከዚያ የቱታውን ቁልፍ ከአንገቱ ጀምሮ ወደ ታች ፈታ፣ አንድ በአንድ፣ ሳይቸኩል። እጅጌዎቹን አወጣ፤ እግሩን እያነሣ አወለቀው፤ ከሥሩ የተተኮሰ ነጭ ሸሚዝና ጥቁር ሱሪ ነበር፤ ለስንት ቀን እንዲህ ተኩሶ ከሥር ሲለብስ እንደኖረ አላውቅም። ቱታውን ምልክቱ ወደ ላይ እንዲሆን አድርጎ በአራት አጠፈው፤ ጠርዙን በመዳፉ አስተካከለና በባለጋራዡ የዕቃ ሳጥን ላይ አኖረው። ካቻቪቴውን አነሣ፤ ኋላ ኪሱ ከተተው።

ባለጋራዡ ዶክተር፣ ዶክተር አለ፤ ሁለት ጊዜ ብቻ። አባቴ በተደረደሩት ጎማዎች መሀል፣ እኔ በነዳሁበት መንገድ አለፈ፤ ጉብታውን ዞረ፤ በመጋዘኑ በር ወጣ። ከበሩ ወደ ቀኝ ቤታችን ነው፤ ወደ ግራ ጋራዡ ነው። እሱ አንዱንም ሳይይዝ መንገዱን ተሻግሮ በነጭ ሸሚዙ ቀጥ ብሎ ሄደ።